የወፍ በሽታ፣ አሳማው እና የጣና ውሃ

(ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶች ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡልኝ፤ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አይቶ የሚያውቅ? አዎ፣ ብዙ እጅ ነው። ምን ነበር የሚባለው? ልክ ናችሁ፤ የወፍ በሽታ። የሌሊት ወፍ በላዩ ስታልፍ ሸንታበት ነው ይባላል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አመሻሽ ላይ ከቤት ስንወጣ አያቴ ነጠላዋን ራሳችን ላይ ጣል ታደርግብን ነበር፤ ወፏ እንዳታገኘን።

አያቴን ዛሬም አከብራታለሁ። ባወቀችው መንገድ ሁሉ ልትጠብቀን ትደክም ነበር። እኛ ግን ሰማይ ሰማዩን ስናይ ጀሪካኑን ረስተነው ነበር።

አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ስሟን አልጠራም። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በመጀመሪያ ምግብ አስጠላት። ቡና ሲቆላ ሽታው ያስመልሳት ጀመር። ቀጥሎ ሽንቷ የወፈረ ሻይ መሰለ። ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዷት፤ ቅጠል ተጨምቆ ተሰጣት። አንድ ጤና ተቋምም ሄደው ነበር። እዚያ ያያት ባለሙያ «የወፍ በሽታ ነው፤ በራሱ ይለቃል» ብሎ ሸኛት። በአምስተኛው ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። እሷም ልጇም አልተረፉም።

ምርመራ ስላልተደረገላት የየትኛው ቫይረስ ሥራ እንደሆነ ምዬ አልናገርም። ነገር ግን ዛሬ የምነግራችሁ በሽታ ነፍሰ ጡሮችን የሚወስደው ልክ እንደዚያ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሳለ ስለ ሰው ጉበት የማወራውም በእሷ ምክንያት ነው።

በሽታው ሄፓታይተስ ኢ ይባላል። ጉበትን የሚያስቆጡ አምስት የታወቁ ቫይረሶች አሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ቢን እና ሲን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እነሱ በደም፣ በግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳሉ። ኤ እና ኢ ግን በአፍ ነው የሚገቡት። ከአንዱ ሆድ ወጥተው፣ በውሃ ወይም በምግብ ዞረው፣ ወደ ሌላው ሆድ ይገባሉ። ነገሩ ያሳፍራል፤ ስለ አይነ ምድር በአደባባይ ማውራት ደስ አይልም። ዛሬ ግን ይቅርታችሁን ጠይቄ ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

ይህ ቫይረስ እንዴት እንደታወቀ ላጫውታችሁ። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ ኒው ዴልሂ ከተማ ውስጥ 29,000 ያህል ሰው በቢጫ በሽታ ታመመ። የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሳበው ከያሙና ወንዝ ነበር። የከተማው ፍሳሽ ወደ መሳቢያው ገባ። በጊዜው ሄፓታይተስ ኤ ነው ተባለ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የተቀመጠው ደም ሲመረመር ኤ አልነበረም። ሌላ ስም የለሽ ነገር ነበር።

ከዚያ ሚካኤል ባላያን የሚባል የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪ መጣ። አፍጋኒስታን የዘመቱ የሶቪየት ወታደሮች በዚሁ ስም የለሽ በሽታ ይታመሙ ነበር። ባላያን ሄፓታይተስ ኤ ቀድሞ ይዞት ስለነበር እንደገና እንደማይዘው ያውቃል። ስለዚህ ከታመሙት ሰዎች አይነ ምድር የተጣራውን ራሱ ጠጣው። አዎ፣ ራሱ ጠጣው። ከአምስት ሳምንት በኋላ በጠና ታመመ። ከገዛ አይነ ምድሩ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው፤ ውጤቱንም በ1983 አሳተመ። ማንም ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አልመክርም። የሰውየው ድፍረት ግን ሁሌ ይገርመኛል።

እስከዚያ ድረስ ይህ የሰው በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በ1997 ነው።

አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ የአሳማ እርባታ ላይ ተመራማሪዎች ገና የተወለዱ ግልገሎችን ይዘው ደማቸውን በየጊዜው መመርመር ጀመሩ። 21 ግልገሎች ነበሩ። 21 ሳምንት እስኪሞላቸው ድረስ የ20ዎቹ ደም ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር፣ ተገኘ። አስቡት፤ ከ21 ውስጥ 20! አንዱም አልታመመም። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይወፍራሉ። ቫይረሱ ሲለይ ከሰው ሄፓታይተስ ኢ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

አሳማ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ግልገሉ ከእናቱ ጡት መከላከያ ይዞ ይወጣል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ያ ስንቅ ያልቅበታል። ያኔ ከጓደኞቹ ይያዛል። ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ይራባል፣ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል፣ ከዚያም ለሳምንታት በአይነ ምድሩ ይወጣል። ብዙዎቹ ለእርድ በሚደርሱበት በስድስት ወራቸው ገደማ ጨርሰው ድነዋል። ጥቂቶቹ ግን ጉበታቸው ውስጥ ቫይረሱ እንዳለ ይታረዳሉ። የታመመ አሳማ ቢሆን ሐኪም ይለየዋል። ይህን ግን በዓይን አይቶ የሚለየው የለም።

ተማሪ ሳለሁ ቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የአሳማ እርባታ ላይ ለልምምድ ቆይቻለሁ። በሀገራችን አሳማ በብዛት የሚረባው እዚያና አዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ጠዋት ጠዋት በረቱ የሚታጠበው በጎማ ነበር። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ፍጉ ይረጫል፤ ወደ ሱሪ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ ከንፈር። አብሮኝ የሚያጥብ አንድ ልጅ ነበር፤ ቦት ጫማው አውራ ጣቱ ጋ የተቀደደ። ሥራው ሲያልቅ እጁን ከዚያው ጎማ በሚወጣው ውሃ ለቅለቅ ያደርግና ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። ከዚያ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ለሁለት ይቆርሳል። ግማሹን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። እኔም እበላ ነበር! ልጁ ለጋስ ነበር፤ ምን ልበል። ሳሙና አልነበረም። ሳሙና እንደሚያስፈልግ የነገረንም ሰው አልነበረም።

በኋላ ሳነብ ያ ትዝታ ተመለሰብኝ። በ2002 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የአሳማ ሐኪሞች ደም ከተራ ደም ለጋሾች ደም ጋር ተነጻጽሯል። ሐኪሞቹ ላይ የቫይረሱ ምልክት የመገኘቱ ዕድል የለጋሾቹን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነበር። የተማሩት ሰዎች ላይ ይህ ከሆነ የዚያ ልጅ ነገር ምን ሊሆን ነው?

ሁለተኛው መንገድ ምግብ ነው። ጃፓን ውስጥ አንድ ቤተሰብና ወዳጆቻቸው የአጋዘን ሥጋ ጥሬውን በሉ። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ ታመሙ። ደግነቱ ከሥጋው የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ሲመረመር ሥጋው ውስጥ ያለው ቫይረስና ሰዎቹ ውስጥ ያለው አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ በ2003 ታተመ። በዚያው ዓመት ሆካይዶ ደሴት ላይ ከሱቅ የተገዛ የአሳማ ጉበት ተመርምሮ ከየ100 እሽጉ ሁለት ያህሉ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ጃፓን በ2015 ጥሬ የአሳማ ሥጋና ጉበት በምግብ ቤት እንዳይቀርብ በሕግ ከለከለች። ፈረንሳይ ውስጥም ኮርሲካ ላይ ከጥሬ የአሳማ ጉበት የሚሠራ ፊጋቴሉ የሚባል ቋሊማ አለ፤ እሱን የበሉ ሰዎች ታመዋል።

አሁን ፊታችሁ ላይ የማነበውን ልናገር። «እኛ አሳማ አንበላም። ምን አገባን?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ሁለቱም አሳማ አይነኩም። እሪያ የሚለው ስም ራሱ መጽሐፍ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው በዚሁ ጉዳይ ስናወራ «እንግዲህ እግዜር ጠበቀን» አሉኝ። እምነታቸውን አልነካሁባቸውም። ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ሰውን የሚይዙት የዚህ ቫይረስ ዋና ዋና ዝርያዎች አራት ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው የአሳማና የዱር አሳማ ናቸው፤ አውሮፓንና ምሥራቅ እስያን የሚያስቸግሩ እነዚህ ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ግን የሰው ብቻ ናቸው። አሳማ አያስፈልጋቸውም። እስያና አፍሪካ ውስጥ ወረርሽኝ የሚያስነሱት፣ ነፍሰ ጡርን የሚገድሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እነዚህን የሚያሰራጨው በረት የእኛው ሽንት ቤት ነው።

አሳማውን የማነሳላችሁ ለዚህ ነው። አሳማው መንገዱን ገልጦ አሳየን። ጤነኛ የሚመስል ፍጡር ለሳምንታት ቫይረስ እንደሚያወጣ፣ ፍጉ ውሃ ካገኘ ሩቅ እንደሚሄድ፣ ያልበሰለ ጉበት በሽታ እንደሚያደርስ ያወቅነው ከእሱ ነው። የአሳማውን ቦታ ለሰው ስጡትና ታሪኩን እንደገና አንብቡት።

ይህ ሩቅ ሀገር የሆነ ነገር አይደለም። በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል ይህ በሽታ ተነስቶ ነበር። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1991 አሳትመውታል። በ1993 ደግሞ ስለ ነፍሰ ጡሮች የጻፉት ወጣ። በ2014 ጋምቤላ ውስጥ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ላይ ገባ። ወታደር ካምፕና ስደተኛ መጠለያ ምን ያመሳስላቸዋል? ብዙ ሰው፣ ጥቂት ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ ምንጭ።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚያዝ ይገምታል። በ2015 ብቻ 44,000 ያህል ሰው እንደሞተበት ገምቷል። አብዛኛው ሰው ይይዘውና ሳያውቀው ያልፋል፤ ወይም ጥቂት ሳምንት ታሞ ይድናል። ለነፍሰ ጡር ግን፣ በተለይ ከስድስት ወር በኋላ፣ በበሽታው ከታመሙ 100 ሴቶች እስከ 20 እና 25 ሊሞቱ ይችላሉ። ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ ብናገር ደስ ባለኝ።

ሌላም ክፉ ጠባይ አለው። ከተዋጠ በኋላ ከሁለት እስከ አሥር ሳምንት ይደበቃል። የዛሬው ቢጫ ዓይን የዛሬ ወር ተኩል የተጠጣ ውሃ ነው። ያን ጊዜ የጠጣነውን ማን ያስታውሳል? ትናንት ማታ የበረረችውን ወፍ ግን ሁሉም ያስታውሳታል። ወፏ ላይ የተላከከው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ሐይቃችን ልመለስ። ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ከደንገሉ ጎን አንዱ ታንኳውን ይገፋል። ከእሱ አሥር እርምጃ ራቅ ብላ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን አጋድማ ትሞላለች። አፉ ጋ ቅጠል እንዳይገባ በመዳፏ ትከልለዋለች፤ ጥንቁቅ ልጅ ናት። ከእሷ በላይ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ሰው የተጸዳዳበት ቦታ አለ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያን ሁሉ ጠርጎ ወዴት ይወስደዋል? ቁልቁል ነው፤ ሌላ መሄጃ የለውም።

እምቦጭ በ2011 ሐይቁ ላይ ሲታይ ሁላችንም ደነገጥን። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ ተማሪው ዘመተ፣ ከየቦታው ብር ተዋጣ። እምቦጭ አረንጓዴ ነው፤ ይታያል። ይህኛው አይታይም። ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ሊኖርበት ይችላል። ለእምቦጩ ያወጣነውን ጉልበት ሩብ ያህሉን ለሽንት ቤት ብናወጣው ብዬ ሁሌ እመኛለሁ። ከተማው እያደገ ነው። የሚሠራው ቤት ሁሉ የፍሳሽ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጣው ቦቴ ደግሞ የሚደፋበት የታወቀ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ይህን እያንዳንዳችን ከቀበሌያችን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ሳንፈራና ሳንታክት።

ስለ ዱለት ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም። የበግና የፍየል ጉበት ጥሬውን ወይም ለብ ለብ አድርገን እንበላለን። በበግ፣ በፍየልና በከብት ላይ ያለው ማስረጃ እንደ አሳማው ጠንካራ አይደለም፤ ስለዚህ በሄፓታይተስ ኢ አላስፈራራችሁም። ግመል ላይ ግን የራሱ ዝርያ አለ። በ2016 በታተመ ዘገባ ጉበት የተቀየረለት አንድ ሰው፣ የግመል ሥጋና ወተት አዘውትሮ ይወስድ የነበረ፣ በዚያው የግመል ዝርያ ታሞ ተገኝቷል። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ጉበት የሚያመጡት ጣጣ ብዙ ነው፤ የኮሶውንም የሌላውንም ታውቁታላችሁ። ይህ ቫይረስ ለብ ለብ አይበግረውም። በ56 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ተይዞ ያልሞተበት ሙከራ አለ። በጥናት እንደታየው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ውስጡ 71 ዲግሪ ደርሶ 20 ደቂቃ ሲቆይ ነው። በእኛ ቋንቋ፣ መሀሉ ቀይ እስኪጠፋ ይብሰል። በተለይ ለነፍሰ ጡር።

እጅን በተመለከተ አንድ ማስታወሻ። ከኮሮና ወዲህ ቦርሳችን ውስጥ ሳኒታይዘር አለ። እዚህ ላይ እሱን አትመኑት። ይህ ቫይረስ አልኮልን ይችለዋል። ሳሙናና ወራጅ ውሃ፣ ጥፍር ሥር ድረስ።

ክትባት አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አለ። ቻይና በ2011 ፈቅዳዋለች። በ2022 ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ መጠለያ ውስጥ በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጥቷል፤ ነፍሰ ጡሮችም ወስደዋል። እኛ ሰፈር እስኪደርስ ያለን መከላከያ የፈላ ውሃ፣ ውሃ አጋር፣ ሳሙናና የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄና መልስ ነበር። ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

አንዲት እናት ተነሱ። ምራታቸው ሰባት ወሯ ነው። «ውሃ አፍልቼ ስሰጣት ጣዕም የለውም ትለኛለች፤ ምን ላድርጋት?» አሉ።

«እናቴ፣ ልክ ነዎት፤ የፈላ ውሃ ይጎመዝዛል» አልኳቸው። «ማታ ያፍሉት፣ ክዳን ባለው እንስራ ያሳድሩት፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ይስጧት። እንስራው ውስጥ እጅና ጣሳ አይግባ፤ እየደፉ ይቅዱ። ዓይኗ ትንሽ እንኳ ቢጫ ካለ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት። በራሱ ይለቃል የሚል ሰው ካጋጠመዎት የጉበት ምርመራ ይደረግላት ብለው እዚያው ቁጭ ይበሉ።»

ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እቀመጣለሁ» አሉ።

የመጨረሻው አንድ ወጣት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀው፤ ሰው እንዳይታዘበው የፈራ ይመስለኛል። ከከተማ ወጣ ብሎ አሳማ ማርባት ጀምሯል። ለውጭ ሀገር እንግዶች ሊሸጥ ነው። «ልተወው ወይ?» አለ።

አትተወው አልኩት። ሥራ ነው፤ እንጀራ ነው። ቦት ጫማው ያልተቀደደ ይሁን። በረቱ በር ላይ ሳሙናና የውሃ በርሜል አስቀምጥ፤ ሳይታጠቡ ምግብ አይነካ። ከሁለት እስከ አራት ወር ያሉትን ስታጥብ አፍህን በጨርቅ ሸፍን። ጉበቱን ለሚገዛህ ሁሉ በደንብ ይብሰል በለው። ፍጉን ትኩሱን ሰላጣ መደብ ላይ አትበትነው፤ ከምረህ ለወራት ይብሰል።

«የፍጉን ጉድጓድ የት ልቆፍር?» አለኝ።

መሬትህ ወዴት ያዘነብላል ስለው እጁን ዘርግቶ በመስኮቱ በኩል ሐይቁን አሳየኝ። እንግዲያው ከሐይቁም ከጉድጓድ ውሃህም ራቅ አድርገህ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ዙሪያውን አፈር ቆልለህበት ቆፍር አልኩት። ማክሰኞ ጠዋት አብረን ሄደን መሬቱን እናየዋለን።